ማስታወቂያ የማያሳልፍ ብሮውዘር

«እሺ አባዬ፤ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው መጣ እንበል። ምን ታደርጋለህ?» አለች ሚጡ፣ በክርኗ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ።

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ነገር ለማስታወስ ሲፈልግ ግን አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ እንደተከፈተ ቧንቧ ለቀቀው።

«በእግር የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩ ከተጠረጠረ፣ ይኸውም እግሩ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ሲነካም ካመመ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የዛሬው ዕድለኛ እርስዎ ነዎት! ሽልማትዎን ለመውሰድ ይፍጠኑ! እግሩ አይታሽም፤ እጅ ከላዩ ይነሣል፤ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላካል።»

ሚጡ በሳቅ ፈነዳች። ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ምን ያስቃል? ተሳሳትኩ?» አለ።

«አባዬ፣ ማስታወቂያውን እኮ አብረህ አልከው!»

«የቱን ማስታወቂያ?»

የሚጡ እናት አልሳቀችም። ልብስ ሲያጣጥፍ የነበረው እጇ እዚያው ቀረ። ባሏ ማስታወቂያውን መናገሩ አይደለም ያስደነገጣት፤ መናገሩን አለማወቁ ነው። ወዲያው በዓይነ ሕሊናዋ የፈተናው ክፍል መጣ። ፈታኞቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዷ ስትስቅ፣ ሌላዋ ስሙ ላይ መስመር ስታሰምር፣ ባሏ ደግሞ ለምን እንደተሳቀበት ሳይገባው በግድግዳ እየተደገፈ ሲወጣ አየችው። ሴትየዋ እንዲህ ናት። ሰማይ ሳይደምን ልብስ ከገመድ ላይ የምታነሣ፣ ልጅ ካስነጠሰ የሐኪም ገንዘብ ፍለጋ ኪሷን የምትዳብስ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የምትደግም።

«የባሰ አታምጣ» አለች፤ «የባሰው ግን መጣ።»

ሰውየውን የሚያውቀው ሁሉ ብረቱ ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ በያጅ ስለነበረ የወጣለት ነው። በርና መስኮት፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ቧንቧ ሲበይድ ኖሮ፣ ዓይኑ ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ መጣና አንድ ቀን ጭራሽ ዘጋ። ከዚያ በኋላ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ እንደተረሳ ጃንጥላ ተቀመጠ። ይጠሩታል፣ «አቤት» ይላል፤ ያበሉታል፣ ይበላል። ከዚያ በቀር ድምፁ አይሰማም። ሚስቱ ስለ ዓይኑ አልቅሳ ሳትጨርስ ስለ ዝምታው ማልቀስ ጀመረች።

ዓይነ ስውራንን ማሳጅ የሚያስተምር ማሠልጠኛ መኖሩን የሰማችው በሥራ ቦታዋ ነው። የሆቴል ልብስ ትተኩሳለች። ብረቱ መጀመሪያ «የሰው ጀርባ ልዳብስ?» ብሎ ተቆጣ። ከገባ በኋላ ግን ሰው ሆነ። እጆቹ የሚሠሩት አገኙ። የእጅ ፈተናውን ጓደኞቹ እስኪቀኑ ድረስ አለፈ። የቀረው የቃል ፈተና ነው። እሱን ካለፈ ማሠልጠኛው ራሱ በሚያስተዳድረው ክሊኒክ ሥራ ይጀምራል። ካላለፈ ወንበሯ እዚያው በሩ አጠገብ ናት።

ትምህርቱ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ፣ በነፃ በተለቀቀ አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሚስቱ ልታነብለት ሞከረች። አልሆነም። እሷ ስታነብ ጽሑፉ መንገድ ያጣል። «ረጅም ሰዓት ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ለረጋ ደም…» ብላ ጀመረችና ቀጥ አለች። ሻሿን አውልቃ በእሱ ባቷን ለካች። ከዚያ ሌላውን ባቷን ለካች። «ብረቱ፣ ይሄኛው አይበልጥም?» አለችው። ስለ ልብ ድካም ሲደርሱ ደግሞ ለእህቷ ደወለች። ስለ አጥንት መሳሳት ሲደርሱ ሚጡን ከደረጃ ላይ እንዳትዘል ገሠጸች።

«አንቺ ሴት፣» አለ ብረቱ፣ «ስታነቢልኝ የምማረው በሽታ ነው ወይስ ሕክምና?»

ስለዚህ ነገሩ ወደ ስልኩ ዞረ። ስልኩ ውስጥ ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ አለ፤ ሴት ናት፣ አትደክምም፣ አትጨነቅም፣ ባቷንም አትለካም። ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ታነባለች። ችግሩም ይኸው «ሁሉ» የሚለው ነው። ዓይን ያለው ሰው ማስታወቂያን ዘሎ ያልፋል። ድምፅዋ አታልፍም። የትከሻ ጡንቻን ታነብና ሳትተነፍስ ስለ ፀጉር ቅባት ትቀጥላለች። ብረቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይሰማል፣ ይሰማል፣ ይሰማል። በጆሮ የገባ ነገር የቱ ትምህርት የቱ ገበያ እንደሆነ ምልክት የለውም።

በማግሥቱ የሚጡ እናት ከሥራ ስትወጣ ስልኩን በፎጣ ጠቅልላ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ወደሚለው ስልክ ጠጋኝ ሄደች።

«በሽታው ምንድን ነው እትዬ?» አለ ዶክተር፣ ፎጣውን እየፈታ።

«ይለፈልፋል።»

ገጹን ከፍቶ አየው። «ስልኩ ጤነኛ ነው። ያመመው ብሮውዘሩ ነው።»

«ይድናል ወይስ ይነቀላል?»

«ይቀየራል። ብሮውዘር ማለት ወደ ኢንተርኔት የሚገቡበት በር ነው። የእርስዎ በር ዘበኛ የለውም። አላፊ አግዳሚው፣ ሻጩ፣ አጭበርባሪው ሁሉ ይገባል። ማስታወቂያ የሚያግድ ብሮውዘር ልጫንልዎት።»

«ዘበኛው ራሱ ሌባ ቢሆንስ?»

ዶክተር እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ካሰቡማ ቤትም አይሠራ።»

ጫነላት። ምልክቱ ሰማያዊ ነው። እሷም ሰማያዊው አለችው። ገጹ ሲከፈት እውነትም ጸጥ ያለ ነበር፤ ትምህርቱ ብቻ፣ ነጭ ላይ ጥቁር። ደስታዋ እስከ በሩ አላደረሳትም። ተመለሰች።

«ስማ ዶክተር። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ በእረፍት ሰዓቴ ቀጣዩን ትምህርት በኔ ስልክ ብከፍተው እሱ ጋ ይደርሳል?»

«ያ ማመሳሰል ይባላል። ሁለቱ ስልኮች አንድ ልብ ሲሆኑ ማለት ነው። ሰማያዊው አያመሳስልም።»

«ታዲያ ለምን ጫንክልኝ?»

«ይለፈልፋል እንጂ አያመሳስልም መቼ አሉኝ?»

የፈራችውም አልቀረም። በነጋታው ጠዋት ትምህርቱን ከፍታለት ወጣች። ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን ሊነካ ብሎ ጣቱ ሌላ ነካ። የት እንደገባ አላወቀም። ወዲህ ቢል፣ ወዲያ ቢል ድምፅዋ አንድ ነገር ብቻ ትመልስለታለች። ሚጡም ትምህርት ቤት ነበረች። ማታ የሚጡ እናት ስትገባ ብረቱ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ዛሬ ምን ተማርክ?»

«የገጹን ባለቤቶች አድራሻ። ከነፋክሱ ሸምድጄዋለሁ። ልበልልሽ?»

ሁለተኛውን ብሮውዘር ያመጣችው ሚጡ ናት። ምልክቱ ብርቱካናማ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት። በሁለቱም ስልክ ላይ ጫነችው። እናት ኩሽና ውስጥ ሆና ገጽ ትከፍታለች፤ አባት ሳሎን ሆኖ ያገኘዋል። «አየሽ እማዬ? በቃ!» አለች ሚጡ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ድምፅዋም ከሳሎን፣ «እንኳን ደስ አለዎት!» አለች።

«ሚጡ!»

«እኔ እንጃ! ያግዳል ብለውኝ ነበር እኮ።» ቅንብሩን ከፍታ አነበበች። «አሃ። መጥፎዎቹን ነው የሚያግደው። ‹ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች› ይላል፤ እነሱን ያሳልፋል።»

«ማን ነው የተቀበላቸው?» አለ ብረቱ ከሳሎን። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ፈተናው እየቀረበ ነው። የሚጡ እናት በሥራ ቦታዋ የሸሚዝ ክሳድ ስትተኩስ የምታስበው ብሮውዘር ሆነ። ድሮ ይህን ቃል አታውቀውም ነበር፤ አሁን እንደ ክፉ አማት ስም ይከተላታል። የሚያግደው አያመሳስልም፤ የሚያመሳስለው አያግድም። አንዱ ዘበኛ ነው ተላላኪ አይሆንም፤ ሌላው ተላላኪ ነው ከየመንገዱ ለማኝ አስከትሎ ይመጣል። ይህን ያህል ሊቅ በሞላበት ዓለም ሁለቱን ሥራ አብሮ የሚሠራ አንድ ሰው አልተወለደም ወይ?

ተወልዷል። ሚጡ ሦስተኛውን አገኘች፤ ጥቁሩን። ሁለቱንም ይሠራል። ግን ለማመሳሰል አካውንት ይፈልጋል፤ ኢሜይል፣ ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን።

«አይሆንም» አለች እናት።

«እማዬ!»

«የትውልድ ቀኔ ምን ያደርግለታል? ሻማ ሊያበራልኝ ነው? ነገ በስሜ ብድር ቢወሰድስ? ስልኬ ውስጥ ያንቺ ፎቶ አለ፤ እሱን ወስደው ምን እንደሚሠሩበት ታውቂያለሽ? የጎረቤታችን ዘመድ…»

«አንቺ ማን ነሽና ነው የሚሰርቁሽ?»

«ማንም ስላልሆንኩ ነዋ! ማንም ያልሆነ ሰው ሲሰረቅ ማን ይጮህለታል?»

ሚጡ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ተነሣች። «እንግዲያው አባዬ ፈተና ገብቶ የፀጉር ቅባት ይሽጥ!» ብላ በሩን አላትማ ወጣች።

ብረቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በኔ ስም አውጡት» አለ። «የኔ ስልክ ቁጥር፣ የኔ የትውልድ ቀን። የሚሰርቀኝ ሰው ከተገኘ መጀመሪያ ይህን ፈተና ይፈተንልኝ።»

ለረጅም ጊዜ ቀልዶ አያውቅም ነበር። እሷም መከራከር አቃታት።

ያንኑ ምሽት ጥቁሩ ተጫነ። የይለፍ ቃሉን ማንም እንዳያገኘው አድርጋ አወጣችው፤ ራሷም አላገኘችውም። እንደገና ወጣ። ተጻፈ፣ ጸደቀ፣ ሁለቱ ስልኮች ተጋቡ። የትምህርቱን ገጽ ከፈቱ። ገጹ ጥቂት ዞረ፣ ዞረና አንድ ጽሑፍ ድፍት አለበት። ድምፅዋ አነበበችው። «ማስታወቂያ ማገጃ እየተጠቀሙ ነው። ለመቀጠል እባክዎ ያጥፉት።»

የሚጡ እናት ከወንበሯ ተነሣች። ስልኩን አነሣች። እጇ ወደ ኋላ ሄደ። ሚጡ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይኝ! ከድጡ ወደ ማጡ እኮ ነው! ስናስገባቸው ያሳብዱናል፤ ስንዘጋባቸው ደግሞ ቤታቸውን ይዘጉብናል! ማን ነው በማን ቤት ያለው?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አምጪው። ጠንከር ያለ ደረጃ አለው ይላል። እሱን ልሞክር።»

ልጅቱ የሆነ ቦታ ገብታ የሆነ ነገር ነካች። ገጹ እንደገና ዞረ። ያ ጽሑፍ ጠፋ። ትምህርቱ ወጣ። ሦስቱም፣ የማያየውም ጭምር፣ ስልኩ ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ምንም አልጮኸም። «ዝም አለ?» አለ ብረቱ በሹክሹክታ፣ እንቅልፍ የያዘው ሕፃን ያለ ይመስል።

በነጋታው በመተኮሻው ክፍል፣ በእንፋሎቱ መሐል፣ የእረፍት ሰዓቷን መጠበቅ አቅቷት በግራ እጇ ስልኩን አወጣች። ስለ ረጋ ደም የሚያወራውን ገጽ ከፈተች። ደወለች።

«ደረሰህ?»

«ቆይ… ደረሰ! ከላይ ነው ያለው!»

«ይጮኻል?»

«ጭጭ። አንቺ ሴት፣ ስሚ፤ እዚህ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ነገር አለ። ለምን እንደማይታሽ ይናገራል። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ ያ ዕድለኛ የሚሉት ነገር ይመጣና ገጹ ዘሎ ሌላ ቦታ ይጥለኝ ነበር። የረጋው ደም በመታሸት ከተነቀለ ወደ ሳንባ ይሄዳል ይላል። ይገድላል።»

«ወይኔ! በቃ በቃ፣ አትንገረኝ…»

የጨርቅ ማረር ሸተታት። ካውያው የነጭ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ተኝቷል። ኃላፊዋ ያለቻትን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ደስታ ለእሷ ሁልጊዜ ከነቅጣቱ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አልገረማትም። እንዲያውም ክፉው በሸሚዝ አለፈ ብላ ተጽናናች።

አላለፈም።

ማታ ሚጡ ጠየቀችው፤ እሱ ዓይኑን ጨፈነ። «በእግር የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩ ከተጠረጠረ፣ ይኸውም እግሩ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ሲነካም ካመመ፣»

ቆመ።

«ሲነካም ካመመ…» አለች ሚጡ።

«አውቀዋለሁ። ዝም በይ።» ከመጀመሪያው ጀመረ። ካበጠ፣ ከጋለ፣ ሲነካም ካመመ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። እዚያው ቆመ። ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዷ ስትጎድል እግሩ አየር ላይ እንደሚንጠለጠል፣ እሱም እንዲሁ ተንጠለጠለ።

«አባዬ፣ ማስታወቂያውን በልና እለፍ።»

«እንኳን ደስ አለዎት የዛሬው ዕድለኛ እርስዎ ነዎት ሽልማትዎን ለመውሰድ ይፍጠኑ እግሩ አይታሽም እጅ ከላዩ ይነሣል ሰውየው…» ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አየሽ? አየሽ ወይ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ገጹን አጸዳችሁት፤ እኔን ማን ያጸዳኛል? የትኛው ብሮውዘር ነው ለኔ ጭንቅላት የሚሆነው?»

የቀሩትን ቀናት ከንጹሑ ገጽ ጋር ታገለ። ሌላውን ሁሉ አጸዳው፤ የፀጉር ቅባቱ ወጣ፣ የማቅጠኛው ሻይ ወጣ። ያቺ አንዷ ግን እንደ ተሰበረ መርፌ ሥጋ ውስጥ ቀረች። አንዳንዴ ዝም ብሎ በልቡ ብሏት ያልፋል። አንዳንዴ በልቡ ሲላት ከአፉ ታመልጣለች። አንዳንዴ ደግሞ በመፍራት ብቻ ቆሞ ይቀራል።

የፈተናው ዕለት የሚጡ እናት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። ቦታው ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ፣ ረጅም ኮሪደር ነው፤ በአንድ ወገን አግዳሚ ወንበር፣ በሌላ ወገን በር። ተፈታኞች ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተራ ይጠብቃሉ። ብረቱ ሲጠራ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ከረሳህ ውሃ ጠይቅ፤ ውሃ ሲያመጡ ታስታውሳለህ» አለችው። «ውሃ ጠጥቼ ሽንቴ ቢመጣስ?» አላት። ይህን አላሰበችውም ነበር፤ ተጨማሪ ጭንቀት ሰጥቷት ገባ።

በሩ አይገጥምም፤ ክፍተት አለው። ድምፅ ይወጣል። ፈታኟ ጎርናና ድምፅ ያላት ሴት ናት። ስለ ጀርባ ጠየቀች፤ መለሰ። ስለ አንገት ጠየቀች፤ መለሰ። የሚጡ እናት ጥርሷን ነክሳ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠምዝዛ ቁጭ አለች። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ።

«አሁን የረጋ ደም» አለች ፈታኟ።

«በእግር የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩ ከተጠረጠረ፣ ይኸውም እግሩ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ሲነካም ካመመ፣»

ዝም።

«ይቀጥሉ።»

ወንበር ሲንቋቋ ብቻ ተሰማ።

«ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ጥሩ መልሰዋል። ይህን ካልመለሱ ግን ላሳልፍዎ አልችልም። ይህ ሰው የሚሞትበት ጥያቄ ነው።»

የሚጡ እናት ባሏን በበሩ ክፍተት አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል። ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ይልና ይመለሳል። በልቡ ሊላት እየፈለገ፣ ከአፉ እንዳታመልጥበት ፈርቶ ጥርሱን ገጥሟል። ያቺን በሩ አጠገብ ያለች ወንበር አየቻት፤ እሱ ተቀምጦባት፣ እሷ እየጠራችው፣ እሱ «አቤት» እያለ። ከዚያ ምን እንደሆነች አታውቅም። አፏ በራሱ ተከፈተ።

«እንኳን ደስ አለዎት! የዛሬው ዕድለኛ እርስዎ ነዎት! ሽልማትዎን ለመውሰድ ይፍጠኑ!»

ኮሪደሩ አስተጋባ። ውስጥም ባሏ ትንፋሽ ሳይወስድ «እግሩ አይታሽም እጅ ከላዩ ይነሣል ሰውየው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላካል!» ብሎ ጨረሰው።

በሩ ተበረገደ። ፈታኟ ቁመቷ ድምፅዋን ይመስላል።

«ማን ነው የጮኸው?»

የሚጡ እናት ብድግ አለች። «እኔ ነኝ። ግን መልስ አልነገርኩትም።»

«እንኳን ደስ አለዎት ነው ያሉት። ለማን ነው?»

«ለማንም። ማስታወቂያ ነው።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«ትምህርቱ ያለበት ገጽ ላይ የሚመጣው። ስልኩ ሲያነብለት አብሮ ያዘው። አሁን አጥፍተነዋል፤ ጥቁሩ ብሮውዘር ያግዳል፤ ግን እሱ ጭንቅላት ውስጥ…»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጠና ያለ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እመቤቴ፣ እኔ ጋ እዚያ ላይ የሚመጣው የፀጉር ቅባቱ ነው» አለ። ራሱ መላጣ ነበር። ከአጠገቡ ያለችው ሴት «ለኔ ደግሞ ስልክዎ ቫይረስ አለበት ትላለች» አለች። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

ፈታኟ አልሳቀችም። «መልስ አልነገሩትም። ዝምም ግን አላሉም። ፈተናውን ልሰርዘው መብት አለኝ።»

የሚጡ እናት አፏን በእጇ ያዘች። ይኸውልህ፤ ሊያድኑት ሲሉ መግደል ማለት ይህ ነው። ባሏን በዓይን በሽታ ሳይሆን በአፏ አጠፋችው።

«እንደገና እጠይቀዋለሁ» አለች ፈታኟ በመጨረሻ። «የሸመደደውን አይደለም። እኔ ደም የረጋብኝ ሰው ነኝ፤ እግሬን እሸኝ ብዬ መጥቻለሁ፤ በራሱ አማርኛ ይመልስልኝ። እርስዎም ከዚህ ይራቁ።» ገባችና በሩን ዘጋች። እንዳይከፈትም ወንበር ሲጎተትበት ተሰማ።

አሁን ቃሉ አይለይም። የሚጡ እናት እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። በራሱ አማርኛ? የሱ አማርኛ እኮ ስድብና ብረት ነው! ጎርናናው ድምፅ ጥቂት ይሰማል፣ ይጠፋል። የባሏ ድምፅ ከፍ ይላል። የተቆጣ ይመስላል። ተጣላት ማለት ነው። አበቃለት። ለሚጡ ምን ብላ እንደምትነግራት ማዘጋጀት ጀመረች።

ወንበሩ ተጎተተ። ብረቱ ወጣ። ግድግዳውን በእጁ አገኘ።

«የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ። ምን አልካት?»

«ማን ተናገሪ አለሽ? እ? ስንት ሰው ፊት…»

«ምን አልካት፣ ብረቱ!»

«ቧንቧ አልኳት።»

«ወየው! ለምን ቧንቧ አልካት?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ? እመቤቴ፣ እኔ በያጅ ነኝ አልኳት። የሞላ ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻ ሲረጋ በመዶሻ የሚመታው ሞኝ ነው አልኳት። ቆሻሻው ካለበት ይነቀልና ከውሃው ጋር ሄዶ ጠባቡ ቦታ ላይ ይወተፋል፤ ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሚጠፋው። የሰው ጠባቡ ቦታ ሳንባው ነው፤ ስለዚህ እግርሽን አልነካም፤ ብትለምኚኝም አልነካም፤ ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት። ‹ትንሽ ብቻ› አለችኝ፤ እንደ እውነተኛ በሽተኛ ልትፈትነኝ። ጮኽኩባት።»

«ጮኽክባት?»

«‹ልትሞቺ ነው እንዴ የምትፈልጊው?› አልኳት።»

የሚጡ እናት ግድግዳውን ተደገፈች። ፈታኟ ከኋላው ብቅ አለች፤ ያው ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው።

«ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ይግቡ» አለችው። «ያ ሳንባ ያሉት ነገር፣ ብዙዎቹ ለምን እንደሆነ አይነግሩኝም።» ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረች። «እርስዎ ግን ከውጭው በር ወዲህ አይገቡም። እዚህ የሚመጣው ሰው ጸጥታ ፈልጎ ነው።»

«ታዲያ ማን ያደርሰዋል?»

ፈታኟ ሌላ ስም ጠራች፤ መላጣው ሰውዬ እየሳቀ ገባ።

ደረጃውን ሲወርዱ ብረቱ ክንዷን አልያዘም። በዱላው ጠርዙን እየነካ ወረደ። እሷ ከጎኑ በአንድ እጇ አየሩን ደግፋ ተከተለችው።

«ሰኞ ብቻህን ልትመጣ ነው?»

«ሰምተሻል እኮ።»

«መንገዱ እኮ ተቆፍሯል። መኪናው ደግሞ ድምፅ የለውም፤ የአሁን መኪና ድምፅ የለውም ብረቱ! በዚያ ላይ ሰኞ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ወይ ኃላፊዬን ልለምን? ሸሚዝ አቃጥያለሁ፤ እሺ አትለኝም። ሚጡ ብትቀርስ? ትምህርቷ አለ…»

እሱ መራመዱን ቀጠለ። የውጭው በር ጋ ሲደርስ በዱላው ደፉን ፈለገ፣ አገኘው፣ ተሻገረው።

«ቀስ በል!» አለችው። ቀስ አላለም።